ዳግማዊ ምኒልክና የድንኳን ኑሮ

ድንኳን ሲባል ዛሬ ወደ አእምሮአችሁ የሚመጣው በአብዛኛው የልቅሶ ወይም የሰርግ ድንኳን ይሆናል። በአዲስ አበባ፣ በቦሌ፣ አትላስ በሚባለው አካባቢ የሚኖር ተማሪ በጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ በፎቆች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ ቢያገኝ፣ ከጎረቤት አንድ ሰው እንዳረፈ ወይም ሙሽራ እንደምትወጣ ወዲያው ይገባዋል። ድንኳኑ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያም ካስማው ይነቀላል፤ ሸራው ይጠቀለላል፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው ይከፈታል። ይኸው ተማሪ የት እንደሚኖር ቢጠየቅ ሰፈሩ አትላስ መሆኑን ይናገራል። ሰፈር የሚለውን ቃል ግን ምናልባት ከድንኳን ጋር አያይዞት አያውቅ ይሆናል።

ሰፈር የሚለው ስም የወጣው ሰፈረ ከሚለው ግሥ ነው። ሠራዊት ሰፈረ ማለት ጉዞውን አቁሞ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ከተማ የሚለውም ቃል ከተመ ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን ንጉሡ ከነሠራዊቱ የተቀመጠበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ዋና ከተማችን እስከ ዛሬ የምትጠራባቸው ቃላት የጦር ሰፈር ቃላት ናቸው ማለት ነው። ይህ እንዲያው የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለመረዳት፣ ብዙ ዘመን በድንኳን ውስጥ ያሳለፉትን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሕይወት ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ አንጎለላ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ጠንካራ መንግሥት አድርገው ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ያደገው በቤተ መንግሥት ምቾት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምቾት ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለመያዝ ሲዘምቱ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ የሸዋ መኳንንትም በጦርነት ተሸነፉ፤ ልጁም በምርኮ ከቴዎድሮስ ሰፈር ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ነገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ልጁ አባቱን ቀብሮ፣ የማያውቀው ጦር ከብቦት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በማረከው ንጉሥ ድንኳኖች መካከል ያድራል። ቴዎድሮስ በአንድ ቦታ ተቀምጠው የሚገዙ ንጉሥ አልነበሩም። በ13 ዓመት የንግሥና ዘመናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሠራዊታቸው ጋር ከአገር አገር ሲዘዋወሩ፣ መንግሥታቸውም አብሮአቸው በድንኳን ይጓዝ ነበር። ችሎቱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ ታቦቱ ሁሉ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይሄዳል። ሣህለ ማርያም የአገር አስተዳደርን የተማረው በዚህ ሁኔታ ነው። በኋላም በመቅደላ አምባ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጠ። ቴዎድሮስ ጨክነውበት አልነበረም፤ እንደ ልጃቸው አሳድገውት፣ ልጃቸውን አልጣሽን ድረውለት ነበር።

ሆኖም ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ምኒልክ ሚስታቸውን ትተው ከመቅደላ አመለጡ። ያመለጡበት አገር የወሎ ገዥ የወይዘሮ ወርቂቱ ግዛት ነበር። ወርቂቱ በዚያን ጊዜ ከባድ ምርጫ ቀርቦባት ነበር፤ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበርና። ስደተኛውን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ወደ ሸዋ እንዲያልፍ አደረገች። ልጇም በመቅደላ ተገደለ። በትምህርት ቤት ታሪኩ ሲነገር የምኒልክ ማምለጥ ይወሳል እንጂ ይህች እናት የከፈለችው ዋጋ እምብዛም አይነሣም፤ እናንተ ግን ልብ በሉት።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ በኋላም በአንድ ቦታ ረግተው አልኖሩም። አንኮበር፣ ልቼ፣ ኋላም በ1870ዎቹ እንጦጦ በየተራ መቀመጫቸው ሆነዋል። በየመካከሉም ዘመቻ አለ፤ ዘመቻ ባለበት ሁሉ ደግሞ ድንኳን አለ። ታዲያ በዚያ ዘመን ሰፈር እንዴት ይመረጥ ነበር? ድንኳኑስ ምን ዓይነት ነበር? ሰውስ ምን ላይ ይተኛ ነበር? ይህን ዘርዘር አድርገን እንየው፤ በኋላ ለምናነሣው የዓድዋ ዘመቻ መረጃ ይሆነናልና።

በመጀመሪያ የሚፈለገው ውሃ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በአንድ ምሽት የሚጠጣው ውሃ ከአንድ ትንሽ ምንጭ አይገኝም። ቀጥሎ ሣርና እንጨት ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ቦታ ደግሞ መሬቱ ይመረመራል። ሜዳው ጎድጓዳ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ያቁራል፤ በሌሊትም ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው ከፍ ካለው ይልቅ ይበርደዋል። ደረቅ የወንዝ ወለል ለጥ ያለና አሸዋማ ስለሆነ ለዓይን ቢያምርም፣ በሩቅ ደጋ የጣለ ዝናብ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል አስተዋይ ሰው አይተኛበትም። በትልቅ ዛፍ ሥርም ቢሆን መብረቅና የሚወድቅ ቅርንጫፍ ያሠጋል። ስለዚህ ተመራጩ ቦታ ጥቂት ተዳፋትነት ያለው፣ ከውሃው ከፍ ያለ፣ ነፋስን የሚከልል ነገር ያለው ሥፍራ ነው። ድንኳኑ ከተተከለም በኋላ በዙሪያው ትንሽ ቦይ ይቆፈራል፤ የዝናቡ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ድንኳኑ ራሱ ከሁለት ዓይነት ነገር ይሠራ ነበር። አንደኛው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ማቅ ነው። ማቅ ከባድ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ይሞቃል፤ ውሃም ቶሎ አያሳልፍም። ሁለተኛው የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይም ከውጭ አገር የሚመጣው አቡጀዲ ነው። ይህኛው ቀላልና ለጭነት የሚመች ሲሆን፣ ክሩ ሲርስ ስለሚያብጥ ቀዳዳው ይጠባል፤ ከውስጥ በእጅ ወይም በጀርባ ከነኩት ግን በነኩት በኩል ያንጠባጥባል። ጨርቁን የሚሸከመው ምሰሶ፣ የሚወጥረው አውታር፣ አውታሩን ከመሬት የሚያስረው ካስማ ይባላል። የቃጫ ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ላላ ይደረጋል፤ አለዚያ ካስማውን ይነቅላል። የጠፍር ገመድ በተቃራኒው ሲርስ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህን ያላወቀ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ድንኳኑ ተደርምሶበት ይነቃል።

ድንኳን ያለው ግን ጥቂቱ ሰው ነው። ተራው ወታደር በደረሰበት ቦታ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ፣ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የምታድር ጎጆ ይቀልሳል። በዚህ ሥራ ሠራዊቱ እጅግ የተካነ ስለ ነበር፣ በማለዳ ባዶ የነበረ ሜዳ ከሰዓት በኋላ ትልቅ መንደር መስሎ ይታይ ነበር። መኝታውን በተመለከተ፣ ዋናው ብልሃት ከላይ ከሚለብሱት ይልቅ ከሥር ለሚያነጥፉት መጠንቀቅ ነው። መሬት የሰውን ሙቀት ትመጣለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረቅ ሣር ወፈር ተደርጎ ይጎዘጎዛል፤ በላዩ ላይ ከበሬ ቆዳ የተለፋ ጀንዲ ወይም ቁርበት ይነጠፋል፤ ከዚያም በጋቢ ተጠቅልሎ መተኛት ነው። ደጋ የለመደ ሰው ከመንዝ የሚመጣውን የበግ ጠጉር ባና ወይም ዝተት ይደርብበታል። በርኖስ ያለው ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ቀን ካባ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆንለታል። መኳንንት በጠፍር የተጠላለፈ አልጋ አስጭነው ይጓዙ ነበር።

የድንኳኖቹ አቀማመጥ እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን በመካከል፣ ከፍ ባለ ቦታ ይተከላል። ቀይ ድንኳን የንጉሥነት ምልክት ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ የደረሰው ሁሉ እርሱን አይቶ የራሱን ቦታ ያገኛል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይሰፍራሉ። በሰዋስው ክፍለ ትምህርት ጥምር ቃላትን ስታጠኑ ፊትና አውራሪ፣ ቀኝና አዝማች፣ ግራና አዝማች፣ ደጅና አዝማች እየተጣመሩ የማዕረግ ስም እንደ ሆኑ አይታችኋል። እነዚህ ስሞች በመጀመሪያ በጉዞና በሰፈር ላይ የሰውየውን ቦታ የሚያመለክቱ ነበሩ፤ ደጃዝማች ማለትም በንጉሡ ደጅ ያለውን ጦር የሚያዝ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ምክንያት አንድ ወታደር በማያውቀው አገር፣ በጨለማ እንኳ ቢደርስ፣ የአለቃውን ድንኳን ለማግኘት ብዙ መንገላታት አያስፈልገውም ነበር።

የአዳኝ ሰፈር ከዚህ የተለየ ነው። አደን በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ የጀግንነት መለኪያ ነበር፤ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ሲመለስ በፉከራና በሽለላ ይቀበሉታል፤ ዝሆን ገዳይም በጆሮው የወርቅ ጉትቻ የማድረግ ክብር ነበረው። የሸዋ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ልማድ ውጭ አልነበረም። ሆኖም ከደጋ ወደ አዋሽ ቆላ ለአደን የሚወርድ ሰው የጦር ሰፈር ይዞ አይሄድም። ጥቂት ሰው፣ አንድ ሁለት አህያ፣ የምትታጠፍ ትንሽ ድንኳን ይበቃዋል። ስንቁም በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንጣ ነው። ሠራዊት ወደ ውሃ ሲጠጋ፣ አዳኝ ግን ከውሃው ይርቃል፤ አውሬው በሌሊት ለመጠጣት ስለሚመጣ ከምንጩ አጠገብ የተኛ ሰው አደኑን ያባርራል፤ አለዚያም ራሱ ይታደናል። ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ሳያጣራ እሳት አያነድም። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ንዳድን ነበር። የደጋ ሰው ቆላ ውሎ ቢመለስ እንጂ ቆላ ማደርን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ምክንያቱን በትክክል ባያውቅም ልማዱ ትክክል ነበር፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው በሌሊት ነውና። ዛሬ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አጎበር ሳይይዝ አይሄድም።

አደን ለምኒልክ መንግሥት የመኳንንት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ወደብ ወርዶ ይሸጥና በምትኩ ጠመንጃ ይገባ ነበር። በዓድዋ የተተኮሰው ጠመንጃ ከፊሉ የተገዛው በዚህ ሀብት ነው ማለት ይቻላል። የኋላ ኋላ የዝሆኑ ቁጥር እየተመናመነ ሲሄድ፣ በ1909 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በምኒልክ መንግሥት አደንን የሚወስን ደንብ ወጣ፤ በአገራችን ስለ ዱር እንስሳት ከወጡት ደንቦች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል።

ወደ ጦሩ ሰፈር እንመለስ። ስለ ድንኳኑ ማማርና ስለ አሰፋፈሩ ሥርዓት ስናወራ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ይህን ሁሉ ሰው የሚመግበው ማን ነው? መልሱ ገበሬው ነው። ደሞዝ የማይቆረጥለት ወታደር በደረሰበት አገር የገበሬውን እህል ይበላል፤ በሬውን ያርዳል፤ አጥሩን ለማገዶ ይነቅላል። የጦር ሰፈር ሦስት ቀን የቆየበት አገር አንበጣ ያረፈበት ማሳ ይመስላል። ንጉሡ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ባደረጓቸው የማስገበር ዘመቻዎች ደግሞ ጉዳቱ ከእህል አልፎ የሰው ሕይወትና ነፃነት ነበር። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ የሆነው ከእነዚህ ዘመቻዎች እጅግ ከባዱ ነው፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማርከዋል። የምኒልክን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ቢያልፍ ታሪክ ጻፈ አይባልም።

ምኒልክ ራሳቸው የሠራዊቱ ሸክም በገበሬው ላይ እንደ ከበደ የተገነዘቡት በክፉ ቀን ነው። ከ1880 ዓ.ም. አንሥቶ ለአራት ዓመት ያህል የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ረኃብና ተስቦ ሕዝቡን ጨረሱት። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለመኳንንቱ አርአያ ለመሆን ሞከሩ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት እንዲከፍልና ወታደር በቤቱ እየገባ ከመብላት እንዲቆጠብ አዘዙ። ትእዛዙ በሁሉም ቦታ ተፈጽሟል ለማለት አይቻልም።

ይህ ክፉ ቀን ገና ሳይረሳ የኢጣልያ ወረራ መጣ። የውጫሌ ውል ጠብ ወደ ጦርነት ሲያመራ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ።  ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ተነሡ። ከየአቅጣጫው የመጣው ጦር አንድ ላይ ሲገናኝ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ እንደ ነበር ይገመታል። ከወታደሩ ጋር እህል የሚፈጩ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ጠጅ የሚጥሉ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ጭነት የሚነዱ ልጆች፣ ታቦት የያዙ ካህናት አብረው ይጓዛሉ። እስከ ዓድዋ ያለውን መንገድ በእግር ለመጨረስ አራት ወር ያህል ፈጀ። እንግዲህ በእነዚያ ወራት በየጊዜው ድንኳን ይነቀላል፣ ይጫናል፣ እንደ ገና ይተከላል። ኅዳር 28 ቀን የፊቱ ጦር በአምባላጌ ድል አደረገ። በጥር ወር መቀሌ ላይ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ ምሽጉን ያስለቀቀው መድፉ ሳይሆን ውሃው ነው፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ ምንጮች ተያዙ፤ በውስጥ ያሉት ወታደሮችም በጥም ተጨንቀው ምሽጉን ለቀቁ። ሰፈር ሲመረጥ ውሃ ይቅደም የሚለውን ሕግ ያወቁት እቴጌ፣ ሕጉን በጠላት ላይ እንዴት እንደሚያዞሩትም ዐውቀው ነበር።

ዓድዋ ሲደረስ ግን ያው ሕግ በራሳቸው ላይ መጣ። የትግራይ ገበሬ ከክፉ ቀን ገና አላገገመም ነበር። መቶ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ለሳምንታት ሲቀመጥ የአካባቢው እህል አለቀ፤ ሣሩ ታጨደ፤ እንጨቱ ተቆረጠ። በየካቲት ወር አጋማሽ ሰው ምግብ ፍለጋ ብዙ ርቀት እየሄደ ያመጣ ጀመር። ምኒልክ ከጥቂት ቀን በላይ በዚያ ሰፈር ሊቆዩ እንደማይችሉ ግልጽ ነበር። ያለ ውጊያ ድንኳን ነቅሎ መመለስ ማለት ደግሞ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ድካም ከንቱ መቅረት ማለት ነው። በወዲያኛው ወገን፣ በሳውርያ የሰፈረው ጄኔራል ባራቲየሪም ስንቁ እያለቀበት ነበር። ሁለት ሰፈሮች ትይዩ ተቀምጠው፣ ማን ቀድሞ ይነሣል በሚል ይጠባበቁ ነበር ማለት ነው። ቀድሞ የተነሣው ባራቲየሪ ሆነ። የኢጣልያ ጦር በሌሊት ተጉዞ ወደ ኢትዮጵያ ሰፈር ለመጠጋት ሲሞክር፣ ካርታው የተሳሳተ ስለ ነበር፣ የጦሩ ክፍሎች በተራሮች መካከል ተለያዩ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ንጋት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ ክርስቲያን ሳሉ የጠላት መምጣት ተሰማ። ከሠራዊቱ ብዙው ለስንቅ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። በዚህች ሰዓት ያ የሰፈር ሥርዓት ምን ያህል እንደ ጠቀመ አስቡ። እያንዳንዱ ሰው የአለቃው ድንኳን የት እንደ ሆነ፣ አለቃውም ከንጉሡ በየት በኩል እንደሚሰለፍ ያውቃል፤ ጥሪ ሲሰማ ወደ ድንኳኑ መሮጥና ወደ ቦታው መሮጥ አንድ ነው። በበኩሌ ለድሉ ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ይህ ተገቢ ቦታውን አላገኘም እላለሁ። እኩለ ቀን ሲያልፍ የኢጣልያ ጦር ተሸንፎ ይሸሽ ነበር። እቴጌ ጣይቱና ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ሴቶች ውሃ እያመላለሱ ሲያጠጡና ቁስለኛ ሲረዱ ዋሉ። የዓድዋ ድል ዝርዝር በታሪክ ትምህርታችሁ ስላለ እዚህ አንደግመውም።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሰን የአዲስ አበባን ነገር እናንሣ። እንጦጦ ለጦር ሰፈር የሚመች ከፍተኛ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ሩቅ ማየት ይቻላል። ለመኖሪያ ግን ብርዱና ነፋሱ ኃይለኛ፣ እንጨቱም እያለቀ የሄደ ነበር። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ፊንፊኔ ወደሚባለው ዝቅተኛ ሜዳ፣ ወደ ፍልውሃው እየወረዱ፣ ድንኳን ተክለው ይታጠቡና ይመለሱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ጣይቱ በዚሁ ሜዳ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በሜዳው ላይ ለዘመናት ይኖሩ የነበሩት የኦሮሞ ጎሣዎች ግን ከመሬታቸው እየተገፉ ሄዱ። ምኒልክ ከተመለሱ በኋላ ለመኳንንቱ ቦታ ሲያካፍሉ፣ አቀማመጡ ያው የሰፈሩ አቀማመጥ ሆነ፤ የንጉሡ ግቢ በመካከል፣ ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ፣ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነወታደራቸው በዙሪያው። በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ወንዝና ሜዳ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ፣ ራስ ብሩ እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ሰፈሮች ያን ጊዜ የተተከሉ ድንኳኖች አሻራ ናቸው። ዛሬ አትላስ የተባለው ስፍራ በዚያ ዘመን ከዚህ ክበብ ውጭ ያለ ሜዳ ነበር፤ ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ የደረሰበት እጅግ ዘግይቶ ነው።

ሆኖም አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ሰፈሮች ለመነቀል ተቃርባ ነበር። የሰው ብዛት የአካባቢውን ደን ጨረሰው፤ ማገዶ ከሩቅ እየመጣ ይወደድ ጀመር። በልማዱ መሠረት እንጨት ያለቀበት ሰፈር ይለቀቃል። ምኒልክም በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም የተባለ ከተማ ቆርቁረው ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። ይህን አሳብ የለወጠው በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ማገዶው ከተገኘ መነሣት ለምን ያስፈልጋል? የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። በዘመናት የተለመደው የነገሥታት መዘዋወር በአንድ ዛፍ ምክንያት ቆመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ባቡሩ፣ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ በየተራ መጡ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። እነዚህ ሁሉ በበቅሎ የማይጫኑ ነገሮች ናቸው።

የንጉሠ ነገሥቱም ሰውነት በዚያው ጊዜ እየደከመ ሄደ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በበቅሎ ጀርባና በድንኳን ሥር የኖሩት ሰው በሕመም ምክንያት ከአልጋ የማይነሡ ሆኑ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከባድ ሕመም አንደበታቸውን ያዘው፤ እንደ ልብ መናገር አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ያለፉትን አራት ዓመታት እቴጌ ጣይቱ እያስታመሟቸው፣ አገሪቱ ደግሞ በሌሎች እየተመራች፣ በግቢያቸው ውስጥ አሳለፉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥት እንዳይናወጥ ተብሎ ዕረፍታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ስለ ቆየ፣ ንጉሥ ሲሞት ይተከል የነበረው የልቅሶ ድንኳን በጊዜው አልተተከለም። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ተቀመጠ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ልጃቸው ባሠሩላቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በድንጋይ መቃብር ዐረፉ፤ እቴጌ ጣይቱም በአጠገባቸው ይገኛሉ።